ተርብ ያልደረሰበት ጠረጴዛ

ጋሽ አፍንጫ ይሏቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው የወይን መጥመቂያው ሠራተኞች ናቸው፤ እሳቸውም አልተቀየሙም። እንዲያውም በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እናታቸው ባወጡላቸው ስም የጠራቸው ሰው ቢኖር ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። አፍንጫቸው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ መልኩ እንደማንኛውም ሰው አፍንጫ ነው። የተለየው ሥራው ነው። ከምድር ቤቱ በርሜሎች የአንዱ ውታፍ ሲነቀል፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ካላሸተቱት፣ ከዚያም በነጭ ጠመኔ ክብ ካላደረጉበት፣ አንዲት ጠብታ ወደ ሰው አፍ አትሄድም። ክብ ካለበት ግን አለቀ። አሠሪው ራሱ ክቡን ካየ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

ታዲያ ይኼ የተከበረ አፍንጫ ሥራ ካቆመ ስምንት ወሩ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጉንፋን ነው። አሥር ቀን ተኙ፣ ሳሉ፣ አላባቸው፣ ተነሡ። ጉንፋኑ ሲሄድ ግን ሽታን ይዞባቸው ሄደ። መጀመሪያ የነቁባቸው ሚስታቸው ናቸው። አንድ ከሰዓት ድስቱን እሳት ላይ ትተው ጎረቤት ብቅ እንዳሉ ሽንኩርቱ አረረ። ሮጠው ሲመለሱ ባልየው ከማድ ቤቱ በር ሁለት እርምጃ ርቀው ጋዜጣ ያነባሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽታው እኔን ከሰው ቤት አስነሥቶ አመጣኝ፤ አንተ አጠገቡ ቁጭ ብለህ አይሰማህም?»

ጋሽ አፍንጫ ጋዜጣውን አጠፉ። ሚስትም ፊታቸውን አይተው ገባቸው። ድስቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው መጡና ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«ለልጅቷ ንገራት» አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«እነግራታለሁ። የቅምሻው በዓል ይለፍ ብቻ።»

ልጅቷ አንድ ናት፤ አንዲት ዓይናቸው። እዚያው ምድር ቤት ከሥራቸው ሆና አራት ዓመት ሠርታለች። አሠሪው፣ ዘንድሮ በዓሉ በደንብ ካለፈ፣ አባትየው ጡረታ ሲወጡ ጠመኔውን ለእሷ እንደሚሰጥ ቃል ገብቷል። ጋሽ አፍንጫን እንቅልፍ የነሳቸው ይኼው ነው። የስምንት ወር ክብ ሁሉ በዕውር ድንብር የተደረገ መሆኑ ቢሰማ፣ ማን የሳቸውን ልጅ ያምናል? አብረው ነው የሚባረሩት። እንዲህ እያሉ ለራሳቸው ይናገሩ ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ጋሽ አፍንጫ መባል ስለጣማቸው ነው።

እስከዚያው ድረስ መላ አላጡም። በርሜል ሲከፈት ልጃቸውን ይጠሩና እንደ ፈታኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ።

«በይ እስቲ፣ ምን ይሸትሻል?»

«ፕሪም… ትንሽ እርጥብ እንጨት… መጨረሻ ላይ ቅርንፉድ ነገር።»

«እህ» ይላሉ፤ ጎንበስ ብለው ሸተት ያደርጋሉ፤ ክቡን ያደርጋሉ። ልጅቷ የሚያስተምሯት ይመስላታል። በልቧም አባቴ ሳያገኝብኝ የቀረ ስሕተት ይኖር ይሆን እያለች ትሳቀቃለች። በገዛ አፍንጫዋ ሠርታ፣ በሳቸው አፍንጫ ታምናለች።

አንድ ቀን ብቻ ነበር ልጅቷ የማትኖረው፤ የድኝ ቀን። ባዶ በርሜል ከታጠበ በኋላ ድኝ የተነከረ ቁራጭ ጨርቅ በሽቦ ይንጠለጠልና ተለኩሶ ውስጡ ይታጠናል፤ ጭሱ ሻጋታውን ይገድላል። ለአንድ በርሜል አንድ ጨርቅ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጭሱ ወይኑ ውስጥ ይቀራል። ልጅቷ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ከአቧራም ከብርድም ትታረቃለች፤ ከድኝ ጋር ግን አይተያዩም። ስለዚህ በዚያ ቀን ምድር ቤት አትወርድም፤ ላይ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ስታገላብጥ ትውላለች።

ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት፣ ለበዓሉ የተመረጡት አራት ትንንሽ በርሜሎች ታጥበው ተደረደሩ። በርሜል አጣቢው ሁልጊዜ እስከ ወገቡ እርጥብ ስለሆነ ዋናተኛው ይባላል። ዋናተኛው ጠዋት አራቱንም አጥኖ፣ ጥርሱ አላስቀምጥ ሲለው ሊያስነቅል ሄደ። ጋሽ አፍንጫ ሲወርዱ በሦስቱ አፍ ላይ ሽቦው እንደተንጠለጠለ ነው፤ አራተኛው ላይ ግን ሽቦ የለም። ይኼኛው ሳይታጠን ቀርቷል አሉ። ድሮ ቢሆን ከደረጃው ላይ ሆነው ያውቁት ነበር። ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ አፍንጫቸው ምንም አላለም። ስምንት ወር ሙሉ ምንም ብሎ ስለማያውቅ ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠሩት። አንድ ጨርቅ ለኮሱ። ለበዓል ነው፣ ንጽሕና አይበዛም ብለው ሁለተኛም ጨመሩ። በማግስቱ ወይኑ ተሞላበት።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት፣ ሌላው ሰው ጠረጴዛ ሲያወጣ፣ ብቻቸውን ወደ በርሜሎቹ ወረዱ። ሦስቱ እንደ ወትሮው ዝም አሉ። በአራተኛው ላይ ጎንበስ ሲሉ ግን አንድ ነገር ወጋቸው። አፍንጫቸው ውስጥ፣ ከላይ፣ ወደ ዓይናቸው መካከል ቆነጠጣቸው። ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ አሉ፤ እንደገና ወጋቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ተመለሰ! አፍንጫዬ ተመለሰ!

አሮጌው ሰውዬ እዚያ ጨለማ ምድር ቤት ውስጥ በርሜል አቅፈው አለቀሱ፤ አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ቀምሰው ቢሆን ምላሳቸው ይነግራቸው ነበር፤ የበዓል በርሜል ግን ደወል ሳይደወል አይቀመስም። ጠመኔውን አወጡና በሕይወታቸው ካደረጉት ሁሉ ትልቁን ክብ አደረጉ። ለተሸካሚዎቹም፣ «ይኼኛው ለልጄ ጠረጴዛ ይሁን» አሉ።

ቅምሻው የሚደረገው ከግቢው በስተጀርባ፣ በዛፎቹ ሥር ባለው ሜዳ ላይ ነው። አራት ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ብርጭቆ በብርጭቆ ላይ። እንግዳው ገና ከረፋዱ ሞላ። ቀኑ ግን ደስ አይልም፤ ነፋስ የሚባል ነገር የለም፣ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ከብዷል፣ ቅጠል አይነቃነቅም። እንዲህ ባለ ቀን የሚደሰት ተርብ ብቻ ነው። ተርቡ መጣ። ጆጎቹ ላይ ሰፈረ፣ ብርጭቆ ውስጥ ገባ፣ የሴቶቹን ባርኔጣ ዞረ። ሰው ሁሉ እጁን እያወናጨፈ ይስቃል፤ አንዱ እንግዳ ከንፈሩን ተነድፎ ፊቱ ተጣሟል።

ጋሽ አፍንጫ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው በደስታ ይንጎራደዱ ነበር። ሚስታቸውን ከወንበሮቹ መካከል አይተው ፈገግ አሉላቸው፤ ሚስት ምን ነካው ብለው ተገረሙ። ከዚያ ወደ አራተኛው ጠረጴዛ አዩ። ልጃቸው ነጭ ሽርጥ ታጥቃ፣ ጆጎቹን ሞልታ ቆማለች። አጠገቧ አንድም ተርብ የለም።

«አየህ አባዬ» ብላ ከሩቅ ጮኸች፣ «ተርቡ እንኳን ያከብረኛል!»

ሳቁላት። ትንሽ ቆይተው ግን ሳቁ ፊታቸው ላይ ደረቀ። ሦስቱ ጠረጴዛዎች በተርብ ተወርረዋል፤ አራተኛው ንጹሕ ነው። አንዲት ተርብ ከሦስተኛው ተነሥታ ወደ ልጃቸው ጆግ ስትበር አዩ፤ አፉ ጋ ስትደርስ ግን ግድግዳ እንደመታት ተመለሰች። ተርብ ከወይን ሲሸሽ በሠላሳ አንድ ዓመት አይተው አያውቁም።

ያን ጊዜ ዋናተኛው ጉንጩ አብጦ፣ መሐረብ ይዞ መጣ።

«ጥርሱስ?» አሉት፤ ዓይናቸው ከጠረጴዛው አልተነሣም።

«ተነቀለ ጋሼ፤ ነፍሴ አብራ ልትነቀል ነበር። ያን ቀን ሕመሙ አጣድፎኝ ሽቦዎቹን እንኳ ሳልሰበስብ ነው የሮጥኩት። የአንዱን ብቻ አንሥቼ…»

«የየትኛውን?»

«የአራተኛውን። አራቱንም አጥኜ ጨርሼ ነበር እኮ። ምነው?» ዋናተኛው ባበጠ ጉንጩ ሊስቅ ሞከረ። «ደግመው አጠኑት እንዳይሉኝ! እርስዎ እንኳን፣ የታጠነ በርሜል ከመንገድ ማዶ የሚያውቁ ሰው።»

የሱ አንድ፣ የሳቸው ሁለት፤ ሦስት ጨርቅ። ጠዋት የቆነጠጣቸው ነገር ምን እንደነበር አሁን ገባቸው። አፍንጫቸው አልተመለሰም። ድኝ ማሽተት የማይችለውንም ሰው ይወጋል፤ እንኳን አፍንጫን ዓይንን ያስለቅሳል።

በበዓሉ ወግ ደወል ሲደወል መጀመሪያ የሚጠጣው ቀጂው ነው፤ እንግዳ ፊት፣ ብርጭቆውን ጭልጥ አድርጎ። ለደወሉ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። እሷ ጋ ለመድረስ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ጋሽ አፍንጫ ወደ እሷ አመሩ። ሃያውን እንደተራመዱ አሠሪው ክንዳቸውን ያዘ።

«ይኸውላችሁ!» አለ በዙሪያው ለቆሙት እንግዶች። «አፍንጫ የምላችሁ ሰው ይኼ ነው። በዚህ ግቢ እግዜር የሚያውቀውን ነገር ሁለተኛ የሚያውቀው እሱ ነው!»

እንግዶቹ ሳቁ። አንዲት ሴት ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ብርጭቆ አምጥታ ሰጠቻቸው። «ይንገሩን እስቲ፣ ምን ምን ይላል?»

አንድ ቆይ ማለት፣ አንድ ልጄን ላናግር ማለት ይበቃ ነበር። ክንዳቸውን ነጥቀው ቢሮጡ ማን ይይዛቸዋል? ግን ሃያ ዓይን አፍጥጦባቸዋል፤ አሠሪው ደረቱን ነፍቷል። ቶሎ ተናግሬ እሄዳለሁ አሉ። ብርጭቆውን ወደማይሠራው አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ልጃቸው ባለፈው ሳምንት ስለዚያው ወይን የነገረቻቸውን በቃላቸው ያወርዱት ጀመር።

«ፕሪም አለው… ከዚያ እርጥብ እንጨት…»

ደወሉ ተደወለ።

«…መጨረሻ ላይ ደግሞ ቅርንፉድ» አሉ። ዓረፍተ ነገሩን ጨረሱ። በኋላ ዕድሜ ልካቸውን የሚበላቸው ይኼ ነው፤ ደወሉ እየተደወለ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሱ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩ። ልጃቸው ብርጭቆውን አንሥታለች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ቆመች። ገባት! ተመስገን፣ ገባት፣ አስቀምጪው ልጄ አሉ በልባቸው። ብርጭቆውን ዝቅ አደረገችው። ዘወር ብላ በርሜሉን፣ በርሜሉ ላይ ያለውን ትልቁን ነጭ ክብ አየች።

«እንዳትጠጪ!» ብለው ጮኹ። ጭብጨባው ዋጠው።

ጭልጥ አደረገችው።

መጀመሪያ ሳል ነው የመሰለው፤ የተነደፈው እንግዳ እንኳን ሳቀ። ቀጥሎ ጠረጴዛውን ያዘች፤ ጨርቁን ይዛው ወረደች፤ ብርጭቆው ሁሉ ተከታትሎ ተሰበረ። ጋሽ አፍንጫ ሲደርሱ ደረቷ እንደ ወናፍ ይነሣል፤ የሚገባ አየር ግን የለም፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ወደ አፏ የምትነፋው የአስም መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዋ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ሽርጡ ኪስ አልነበረውም። ዋናተኛው በዚያ ባበጠ ጉንጩ ሮጦ አመጣው። ደርሶላታል፣ አልደረሰላትም ሳይባል በአሠሪው መኪና ሐኪም ቤት ወሰዷት። ከኋላቸው ሜዳው ላይ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ቆሞ ቀረ፤ ተርቡ ብቻ ይጠጣ ነበር።

አመሻሹ ላይ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ሐኪሙ ብዙ አላወራም፤ የዛሬዋ ሌሊት ትለፍና እንነጋገራለን ብሎ ወጣ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ሲር የሚል የኦክሲጅን ጋን። ሚስት ከእግርጌ ቆመው የልጃቸውን እግር ይዘዋል። ጋሽ አፍንጫ ከበሩ አላለፉም።

ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ አየቻቸው። የአፏን መሸፈኛ በሁለት ጣቷ ከፍ አደረገች።

«ሽታው… ገብቶኝ ነበር እኮ፣ አባዬ።» ቃል በቃል እየተነፈሰች ነው። «ድኝ ድኝ… አለኝ።»

«አታውሪ ልጄ፣ አታውሪ።»

«ከዚያ ክብህን አየሁት። በቃ… የኔ አፍንጫ ነው የተሳሳተው አልኩ።» ልታቀልላቸው ብላ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ፈተናውን ወደቅኩ መሰለኝ።»

የጋሽ አፍንጫ እጅ ኪሳቸው ውስጥ ጠመኔዋን አግኝቶ ይፈጫታል፤ ሱሪያቸው በነጭ ዱቄት ተበላሽቷል።

ሚስት የልጃቸውን እግር ሳይለቁ ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«በል እንግዲህ» አሉ። «በዓሉ አልፏል።»

ጋሽ አፍንጫ ወንበሩን ሳብ አድርገው ወደ አልጋው አስጠጉ።