ሸጊቱና «ጀስት አን አይዲያ»

በሰባ ሰባቱ ረኃብ፣ ሱዳን ውስጥ ከሾዋክ ከተማ ወዲያ በነበረው የስደተኞች ሰፈር፣ ሸጊቱ የምትባል የመተማ ቆላ ሴት ነበረች። በሕፃናት ምገባ ዳስ ድስት ታጥባለች፤ እኔ በዚያው አስተርጓሚ ነበርሁ።

ገንፎው በቀን አራት ጊዜ ይታደላል፤ ከዳሱ ይዞ መውጣት ግን ክልክል ነው። የሸጊቱ እኅት ኮከብ የምትኖረው ከሰፈሩ ጫፍ ነው። ወባ ያደቀቃት ሴት፣ ልጇን አዝላ ያንን ፀሐይ ማቋረጥ የምትችለው በቀን አንዴ ብቻ ነበር። ልጁም ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ሄደ።

«አያ አስፋው፣» አለችኝ አንድ ጠዋት፣ «ሕፃኑ ወደ ገንፎው መምጣት ካቃተው፣ ገንፎው ወደ ሕፃኑ ይሂድ። የውኃ አመላላሹ የሙዘይን አህያ ውኃዋን አድርሳ ሥራ ትፈታ የለም? ይንገሩልኝ።»

እኔም የዳሱ ኃላፊ ለነበረችው ነጭ ነርስ፣ ከመጽሐፍ በተማርሁት እንግሊዝኛ፣ «ከታላቅ አክብሮት ጋር አቤቱታ ቀርቧል» ብዬ ጀመርሁ። ነርሷ ደነገጠች። አቤቱታ ከሆነ ለቢሮ በጽሑፍ ይቅረብ አለች።

«ምን አሏት?»

«እንደ ደንቡ ነው ያልሁት።»

«ደንቡ ይሆናላ ያስደነገጣት።»

ሸጊቱ ከዚያ ወዲህ ድስት እያጠበች ጆሮዋን ወደ ነርሶቹ ጣለች። አንዷ አንድ ነገር ትልና ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ «ጀስት አን አይዲያ» ትላለች። ሌላዋ ራሷን ነቅንቃ እንቢ ትላለች። ወዲያው አብረው ሻይ ይጠጣሉ።

«ይህች ቃል ምንድር ናት?»

«እንዲያው ሐሳብ ነው ማለት ነው። ብትወዱት ያዙት፣ ባትወዱት ተዉት።»

«ተከልክለው አይኳረፉም?»

«አይኳረፉም።»

«በእኛ አገር በሸንጎ ቃሉ የወደቀበት ሰው ዓመት ሙሉ ገበያ አይወጣም።»

«እኔም በመጽሐፌ አላገኘኋትም።»

«እንግዲያ መጽሐፍዎ ለሹም የተጻፈ ነው» አለችኝ።

ሦስት ቀን አጠናች። ቃሉ ቶሎ ገባት፤ ያስቸገራት ትከሻው ነው። «እስክስታ ይሆንብኛል» እያለች ትስቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሄዳ የአህያዋንና የገንፎውን ነገር በእጇም በአፏም አስረዳችና «ጀስት አን አይዲያ» አለች። ነርሷ ሣቀች፤ ጥሩ ነው አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። በማግሥቱም እንዲሁ። ቀላል ቃል ለመርሳትም ቀላል ነበረ።

«ተይው በቃ» አልኋት።

«ልጁስ?» አለች።

በስድስተኛው ቀን ከዳሱ በር አህያ ቆማለች። በግራና በቀኟ ክዳን ያላቸው፣ የታጠቡ ባልዲዎች ተጭነዋል። ሱዳናዊው ሙዘይን ገመዱን ይዞ፣ «ያ ሸጊቱ፣ ነጯ ከዋጃ ከተቆጣች እኔ የለሁበትም» ይላል።

«አንተ አህያዋን ያዝ።»

ነርሷ ወጣች። ሸጊቱ ወደ አህያዋ አመለከተች፤ ትከሻዋንም ነቀነቀች። «ጀስት አን አይዲያ።»

ነርሷ የባልዲዎቹን ክዳን ከፍታ አየች። ከዚያ፣ «ልጆቹ መብላታቸውን ማን ያያል?» ብላ በእኔ በኩል ጠየቀች።

«እኔ» አለች ሸጊቱ። «አጠገባቸው ተቀምጬ አበላለሁ። ባዶ ሳሕናቸውን ሳላይ አልመለስም።»

«እስከ ዓርብ እንሞክረው» አለች ነርሷ።

ዓርብ መጣ፣ አለፈ፤ የጠየቀም የለ። ቅዳሜ ጠዋት አህያዋ ከዳሱ በር ቆማ ነበር። ወር ሳይሞላ የኮከብ ልጅ የአህያዋን ኮቴ ሲሰማ፣ ሳሕኑን ይዞ በእግሩ ከጎጆው ይወጣ ጀመር።