ይሉኝታ የሌለው ማሽን

አባቴ ያን ቀን «በቃ!» ያለው ለውኃው ነው ወይስ ለትምህርቴ? ይህን ጥያቄ ዛሬም ድረስ መመለስ አልቻልሁም።

ልጅ እያለሁ ደሃና በሚባለው ወረዳችን ገጠር ውስጥ ትምህርት የጀመርሁት እኩዮቼ በሚታጩበት ዕድሜ ነው። በቁመት ሁሉንም ስለምበልጥ የክፍሌ ልጆች «አክስቴ» ይሉኝ ነበር። ትምህርት ቤታችን አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ መብራት ስላልነበረ ግን ጨርቅ ለብሶ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቀምጧል። ስለዚህ መምህር ይርጋ ራሳቸው ኮምፒውተር ሆኑ። ጠመኔ ጠመኔ በሚሸት ክፍል ፊት ቆመው ዓይናቸውን በመሐረብ ያስሩና፣ «እኔ ማሽን ነኝ። ዓይን የለኝም፤ ይሉኝታም የለኝም። የታዘዝሁትን ብቻ እሠራለሁ፤ አቁም ካልተባልሁ አላቆምም። ለማሽን ደግሞ ‹እርስዎ› አይባልም!» ይሉን ነበር። እኛም «ሂድ! ታጠፍ! አንሳ!» እያልን ከግድግዳ ጋር ስናጋጫቸው በሳቅ እንሞታለን። እኔ ግን ከሳቁ ይልቅ የወደድሁት ጥንቃቄውን ነው። አንዲት ቃል ከጎደለች ሁሉ ነገር ይበላሻል። ትእዛዞቼን በቅደም ተከተል እያነበነብሁ ቤት እገባ ነበር።

ወሬው ግን ቀደመኝ። ጎረቤታችን እማማ ብርቄ አባቴን፣ «ልጅህ መምህሩን እንደ በሬ ‹ሂድ፣ ታጠፍ› ትለዋለች አሉ። ዘንድሮ ልጅ አዛዥ፣ አዋቂ ታዛዥ!» ብለውታል። አባቴ ምንም አላለም። ዝምታውን ነው የፈራሁት። ታላቅ እህቴን የዳራትም እንዲሁ ዝም ብሎ ሰንብቶ ነው።

በማግስቱ ጋቢውን ተከናንቦ ክፍላችን በር ላይ ቆመ። መምህር ይርጋ በክብር አስገቡትና፣ «አባት ከመንገድ ነው የመጡት፤ ማሽኑ እጃቸውን ያስታጥባል» ብለው ዓይናቸውን አሰሩ። ለማዘዝ የጠሩት እኔን ነበር።

«አክስቴ፣ በርቺ!» አለ አንዱ ከኋላ።

በአባቴ ፊት መምህሬን «አንተ» ልበል? ምላሴ እምቢ አለኝ። «እርስዎ» ካልሁ ደግሞ ማሽኑ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ማንንም የማይጠራ አነጋገር ፈለግሁ፤ «ወደ ፊት መሄድ። ጆጉን ማንሳት። ማፍሰስ።» ማሽኑ ታዘዘ። አባቴ እጁን አሻሽቶ ታጠበና ሰበሰበ። በእኛ አገር እጅ ሲሰበሰብ አስታጣቢ ያቆማል፤ ቃል አያስፈልገውም። «ማቆም» የሚል ትእዛዝ እንዳለም ትዝ አላለኝ። ውኃው በጋቢው ላይ፣ በጫማው ላይ፣ ከዚያም በመሬቱ ላይ ወረደ። ሴቶቹ ልጆች ቁልቁለቱን ወርደን፣ ተሸክመን ያመጣነው ውኃ! ክፍሉ በሳቅ ሲፈነዳ አባቴ «በቃ!» አለ፤ በአማርኛ። ማሽኑ ቆመ። አባቴ ግን መሰናበቻ እንኳ ሳይናገር ወጥቶ ሄደ።

ያን ዓመት ሁሉ ስጠረጥር ኖርሁ። ሽማግሌ ወደ ቤታችን ካቀና የመጣው እኔን ሊጠይቅ ነው። አባቴ ወደ አምደወርቅ ገበያ ከሄደ የሚገዛው ለሠርግ ነው። እናቴ አዲስ ቀሚስ ብታሰፋልኝ ቀሚሱን ጠረጠርሁት። የማጽናኛዬ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋችን በኽምጣና ስለሆነ፣ «በቃ!» ያለው ለእኔ ቢሆን ኖሮ በኽምጣና ይለው ነበር። ጠዋት ደብተሬን ይዤ ስወጣም የከለከለኝ የለም። ቢሆንም አላመንሁም። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም፤ ነገሩን ካነሳሁት አባቴ የሚያስታውሰው ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ከግድግዳው ማዶ የኮምፒውተር ክፍል አለ። ልጆቹ የሚያዙት እውነተኛ ማሽን ነው፤ ቢሳሳቱም ማንም አይረጥብም። መብራት ሲጠፋ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ ዓይኑን በመሐረብ የሚያስር መምህር አላየሁም።

ለእናቴ የነገርኋት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። ምሳ ቀርቦ፣ እጇን ላስታጥባት ጆግ እንደያዝሁ ቆሜ ሁሉን ዘረገፍሁላት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ለካ ጋቢው የረጠበው እንዲያ ነው! ያን ቀን ገና ቤት ሳይገባ ለእኔም ‹በቃ!› አለኝ። ያውም በአማርኛ» አለች።

«ምኑ ነው የበቃው? አልጠየቅሽውም?»

«ሞኝ! ብጠይቀው ይነግረኝ ነበራ፤ ከተናገረው ደግሞ አይመልሰውም። ይልቅ አፍስሺ» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ።

አፈሰስሁላት። ሲበቃት ምንም ሳትናገር እጇን ሰበሰበች።