የወሬው ባለቤት

ያስገቡኝ ቀድሞ የጥጥ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት አልነበረውም፤ ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ባለ ስንዝር በማትሞላ ክፍተት ነበር። የጋምቤላ ሙቀት ከላብና ከአሮጌ ጆንያ ሽታ ጋር ፊቴን መታኝ። በሩ እንደተዘጋ ከጨለማው አንዱ በአኙዋክኛ፣ «ሬዲዮውን ይዘኸው መጣህ?» አለኝ። ሰዎች ሳቁ። ታዋቂ ነበርኩ፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

የጋምቤላ ክልል ገና መቋቋሙ ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ አማርኛን ከወታደር፣ ዓረብኛን ከሱዳን ነጋዴ፣ እንግሊዝኛን ከሚሲዮንና ከሬዲዮ ራሴን በራሴ አስተምሬያለሁ። ኑዌርኛው ከጎረቤት ነው። በከተማው እንደኔ ያለ ሰው አልነበረም፤ አሁንም ያለ አይመስለኝም። አመሻሽ ላይ ደጄ ካለው ማንጎ ሥር ሰው ይሰበሰባል፤ እኔም የመንግሥትንም የውጭውንም ጣቢያ እየከፈትኩ እተረጉማለሁ። ደንቤ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ማን እንዳለው እናገራለሁ፣ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያ ዝም። «እውነት ነው?» ለሚለኝ፣ «ጆሮ ያለህ አንተ ነህ» እለዋለሁ። የታሰርኩትም በዚሁ ነው። ሬዲዮኔንም ወሰዱት።

ከጎኔ የሚተኛው ዓሣ አጥማጅ ነበር። በምርመራ እግሮቹ አብጠው መቆም አይችልም፤ ሽንት ቤት የምናደርሰው ከደጋ የመጣ አንድ አስተማሪና እኔ ተሸክመን ነው። አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ጠሩት። ሁለት ጠባቂዎች ብብቱን ይዘው እየጎተቱ አወጡት። ሸበጡ ቀረ። እስከ ቀትር አልተመለሰም።

ከሰዓት በኋላ የእስር ቤቱ መኮንን አስጠራኝ። ወጣት፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነበር። ወንበር ሰጠኝ። ሬዲዮኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ አምልጧል» አለኝ። «ባሮን ዋኝቶ ተሻገረ።»

«በየትኛው እግሩ?»

ፈገግ አለ። «እስረኞቹ የእኛን ቃል አያምኑም፤ የእርስዎን ያምናሉ። ግቢው ውስጥ እንሰበስብልዎታለን። ‹መኮንኑ ቢሮ አስጠርቶ ሬዲዮ አሰማኝ፣ ማምለጡን የውጭው ጣቢያ ተናገረ› ይበሏቸው። ከዚያ ሬዲዮዎን ይዘው ወደ ቤትዎ።»

«እምቢ ብልስ?»

«ባሮ ለሁሉም ይበቃል» አለ፤ ድምፁን ሳይለውጥ።

ብዙ የታሰረ ሰው አልፈራሁም ይላል። እኔ ፈርቻለሁ፤ ግን እየፈራሁ ማሰብ የምችል ሰው ነኝ።

እስረኞቹን መሬት ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። መኮንኑ አጠገቤ ቆመ። እንደ ልማዴ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ በአኙዋክኛ ጀመርኩ። «ይህን ያሉት እዚህ አጠገቤ የቆሙት መኮንን ናቸው። ሰውዬው ባሮን ዋኝቶ አመለጠ ብለዋል።» በኑዌርኛም ያንኑ ደገምኩ። መኮንኑ ሁለቱንም ስለማይሰማ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

አማርኛው ቀረ። እዚያው ላይ ላቆም፣ ወይም የታዘዝኩትን ልል እችል ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ በአኙዋክኛ ያልኩትን ያንኑ ተናገርኩ።

አስተማሪው ብድግ ብሎ አማተበ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተነሡና አንገታቸውን ደፉ።

«ጨረስክ?» አለኝ መኮንኑ።

«ጨረስኩ።»

ወደ መጋዘኑ አልመለሱኝም። ብቻዬን ባቆዩኝ ክፍል ውስጥ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የባሮ ውኃ ይታየኝ ነበር። ለምን እንደተዉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ቀን፣ «ውጣ» አሉኝ፤ ወጣሁ።

የዓሣ አጥማጁ ሚስት ቤቴ መጣች። መኮንኑ ያለውንም፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን እግሩንም ነገርኳት። በማግስቱ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ተቀመጪም፣ አትቀመጪም ያላት የለም።

ዛሬ ዓይኔ ደክሟል፤ የልጅ ልጆቼ ከስልካቸው ያነቡልኛል። አንዳንድ ጊዜ ኢንተርኔቱ ይዘጋል፤ ከሐሰት ወሬ ልንጠብቃችሁ ነው ይባላል። በዕድሜዬ በአምስት ቋንቋ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ። አንዳንዱን ወዲያው ለየሁት፤ አንዳንዱ ዓመታት ፈጀብኝ። አንዱንም ማንም አልለየልኝም።