ከደጃፍ የተመለሰው ዲሬክተር

ማኅተም ጠረጴዛ ላይ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር የወይን ጠጁ ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። አብራውም የስምንተኛ ክፍል ጓደኛዬ ዳኪ ትመጣለች።

ትምህርት ቤታችን ከነጌሌ ቦረና ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ በሩ ላይ አንድ ግራር። የራሱ ዲሬክተር ስላልነበረው ከሌሎች ሁለት ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ጋር አንድ ሰው ይጋራ ነበር። የሦስቱም ማኅተም ከሰውዬው ኮት ኪስ አይወጣም። እኛ ስንጠይቅ «እዚያኛው ሄዷል» እንባላለን፤ እነዚያ ሲጠይቁ እኛ ጋ ነው ይባላሉ። በኋላ እንደደረስኩበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጌሌ ተቀምጦ ካርታ ይጫወት ነበር። «ጋሽ የጋራ» አልነው። ዳኪ ይኼም በዛበት አለች፤ «ኮርማ እንኳ ለሦስት መንደር ሲጋሩት ከከብቱ ጋር ያድራል!»

ዳኪ የከብት አርቢ ልጅ ናት። በክፍሉ ሴቶች እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አባቷ የፈቀዱላት እስከ ሚኒስትሪ ፈተና ነው፤ ካለፈች ትቀጥላለች፣ አለዚያ ትዳራለች። የፈተናው ቅጽ ማኅተም ተመቶበት በዚያው ሳምንት ነጌሌ መድረስ ነበረበት። መምህራችን በወባ ተኝተው ስለነበር ቅጾቹን ለዘበኛችን ለኦቦ ቦሩ በአደራ ሰጡ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ላንድሮቨሩ መጣ። ተሰልፈን ቆምን። ዲሬክተሩ አልወረደም፤ በመስኮት ብቅ ብሎ ከኦሮምኛ የሚያውቃትን አንዲት ቃል ወረወረ።

«ናጋ?»

«ናጋ» አሉ ኦቦ ቦሩ።

«መምህሩስ?»

«ናጋ።»

«ልጆቹስ?»

«ናጋ።»

በአገሩ ደንብ ቤት ቢቃጠል እንኳ የሰላምታው መልስ ናጋ፣ ሰላም፣ ነው። ከብቱም ዝናቡም ተጠይቆ ሁሉም ናጋ ከተባለ በኋላ ነው ወሬው የሚወጣው። ይህን በዚያ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ጋሽ የጋራ ስንት ዓመት ተመላልሶ አላወቀም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። የጉብኝት መዝገቡን ተቀብሎ ጭኑ ላይ ዘረጋና ጻፈ፤ ማኅተሙን በትንፋሹ አርጥቦ መታበት፤ መልሶ በመስኮት አቀበለ።

ኦቦ ቦሩ ቅጾቹን ከጋቢያቸው ሥር እያወጡ «እሺ ጌታዬ፣ አሁን ወሬ አለ...» ሲሉ፣ «ሰላም ነው አላልክም እንዴ? ንዳው!» አለ ሾፌሩን። እኛ ከነአቧራችን ቀረን።

መዝገቡን ገልጠን አየን። «ሁሉም በሰላም» ይላል። በዚያ ሳምንት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

ኦቦ ቦሩ ቅጾቹን እንደያዙ ግራሩ ሥር ተቀመጡ። «ሰላምታ ደጃፍ ነው ልጆቼ፤ ወሬ ያለው ጓዳ ነው። እሱ ከደጃፍ ተመለሰ» አሉ። እኚህን ዘበኛ እስከ ዛሬ አንቱ እላለሁ። ዲሬክተሩን ግን አንደበቴ እምቢ ይለኛል።

ቅጾቹ ማኅተም ሳያገኙ ስለቀሩ በዚያ ዓመት ማናችንም አልተፈተንንም፤ ሌሎቻችን በዓመቱ ተፈተንን። ዳኪን ግን አባቷ እንደ ቃላቸው ዳሯት።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ እንደ እሱ ያሉ ብዙ ሰዎች ገጥመውኛል። ዛሬ መኪናው አዲስ ነው፣ ሪፖርቱም በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ «ሁሉም በሰላም» የምትለው ቃል ግን አላረጀችም። ስትነገረኝ ደብተሬን አላጥፍም።

ባለፈው ነጌሌ ገበያ ውስጥ ዳኪን አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል።

«ናጋ?» አልኳት።

«ናጋ» አለች።

ልጆቿን ጠየቅኩ፣ ከብቱን ጠየቅኩ፣ ዝናቡን ጠየቅኩ። ሁሉም ናጋ ነበር። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጬ ጠበቅኋት፤ ወሬውን መናገር ጀመረች።