ያልነበሩት አራት እናት ዛፎች

ትናንት ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ለገና የሚሆን የጥድ ቅርንጫፍ ታቅፋ ገባች። ረዳቱ «እናቴ፣ ለዛፉ ወንበር የለንም፤ እቀፊው እንግዲህ» አላት። «አንተን ከማቀፍ እሱ ይሻላል» ብላ ከኋላ እኔ አጠገብ ተቀመጠች። ታክሲው በሳቅ ሞላ። ቅርንጫፉ ጉልበቴን እየቧጨረ መጣና ሽታው አፍንጫዬን ያዘው። እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ዓይነት ነው፤ ግን እርጥብ፣ ትንሽ መረር ያለ፣ ዝናብ የነካው የሚመስል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሴትዮዋ ብቻዬን ፈገግ ስል አይታ «ምነው፣ ፍቅር ያዘሽ?» አለችኝ። አልያዘኝም። ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ነበር እንጂ።

ልንገራችሁ። ያኔ ገና ኮንዶሚኒየም አልደረሰንም፤ ኮተቤ፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ነበር የምንኖረው። ከቤታችን ሽቅብ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሄዱ ባህር ዛፉ ይሳሳና አንድ ትንሽ የችግኝ ጣቢያ ይመጣል። ከእሱ በላይ ደግሞ በአሮጌ ጥዶች የተከበበ ቤተ ክርስቲያን አለ። የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ ችግኝ ጣቢያ ይወጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር ክበቡ ውስጥ የገባሁት ጓደኛዬ ስለገባች ነው። ጓደኛዬ ደግሞ የገባችው ቅዳሜ ልብስ ከማጠብ ለመዳን ነው።

ጣቢያው የእማማ ነበር። የመንግሥት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን የእማማ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ በቀሚሳቸው ላይ የወንድ ኮት የሚደርቡ፣ ሲራመዱ ኪሳቸው ውስጥ ዘር የሚንኳኳባቸው ሴት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእንጦጦን ዛፎች ዘር ሲሰበስቡና ችግኝ ሲያፈሉ ኖረዋል። የዚያ ዓመት ጥር ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ስለዚህ በዚያ ኅዳር የምንለቅመው የጥድ ዘር በእጃቸው የሚዘሩት የመጨረሻ የችግኝ መደብ ነበር። ይህን የነገረን የሳይንስ ቲቸራችን ነው እንጂ እሳቸውማ ስለ ራሳቸው አያወሩም። ስለ ዛፍ ከሆነ ግን ማን ያስቆማቸዋል!

ሥራው ሕግ ነበረው። ፍሬዋ የሚለቀመው ዛፍ «እናት ዛፍ» ትባላለች። ከአንዷ እናት እስከ ሌላዋ ቢያንስ መቶ እርምጃ መኖር አለበት። እያንዳንዷ እናት የራሷ ከረጢት አላት፤ ከረጢቱ ላይ ቁጥሯ፣ የቆመችበት ቦታና መልኳ ይጻፋል። ሃያ ከረጢት፣ ሃያ እናት። በመጨረሻ ከየከረጢቱ እኩል አንድ አንድ ጣሳ ይሰፈርና ተደባልቆ ይዘራል። «አንዷ ከሌላዋ እንዳትበልጥ» ይሉ ነበር እማማ፣ የጣሳውን አፍ በመዳፋቸው እየደለደሉ።

ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ቲቸር አስረድቶን ነበር። እኔ ግን ያን ሰዓት ከጓደኛዬ ጋር ሆኜ ቁልቁል የአያትን ባቡር እያየሁ «አሁን ቆመ፣ አሁን ተነሳ» ስል ነበር።

ለእኔ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አምስት ያሉት ከረጢቶች ደረሱኝ። የመጀመሪያዋን እናት በቀላሉ አገኘኋት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ቀጥ ያለች፣ ሰማያዊ ፍሬዎቿ አቧራ የነፋባቸው ወይን የሚመስሉ። ሸራዬን ከሥሯ ዘርግቼ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ በቆልማማው ዘንግ ሳወዛውዘው ፍሬው እንደ ዝናብ ወረደ። አሥራ አንድ አለቀ። ከዚያ መቶ እርምጃ ቆጠርኩ። ትልቅ ጥድ አገኘሁ፤ አንድም ፍሬ የለውም። ስነቀንቀው ቢጫ ዱቄት ፀጉሬ ላይ ተበተነ። ሌላ መቶ እርምጃ። አሁንም ዱቄት። ማስነጠስ ጀመርኩ። ከቁልቁለቱ በኩል ጓደኛዬ «ጨረስኩ! አንቺስ፣ ተኛሽ እንዴ?» ብላ ጮኸች። እሷ ከእኔ ቀድማ ምን ጨርሳ ታውቃለች? ምንም!

ዞር ብዬ ከአጥሩ ጥግ ያለችውን አየኋት። አሁንም ፍሬ በፍሬ ሆና ቆማለች። ጥድ ያው ጥድ ነው አልኩ ለራሴ። አራቱንም ከረጢት ከእሷ ሞላሁ።

የቀረው ጽሑፉ ነበር፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። ከዛፏ ሥር ተቀምጬ፣ የእርሳሴን ጫፍ እየነከስኩ፣ ያልነበሩ አራት ዛፎች ፈጠርኩ። አሥራ ሁለትን ምንጭ አጠገብ አቆምኳትና «ውኃ ልትጠጣ ጎንበስ ያለች» አልኳት። አሥራ ሦስትን በመብረቅ አስመታኋት፤ ግማሽ ጎኗ ጠቁሮ በግማሽ ጎኗ የምታፈራ። አሥራ አራትን ባለ ሁለት ግንድ አደረግኋት፣ እንደተኳረፉ እህትማማቾች ጀርባ ለጀርባ። አሥራ አምስት ላይ የዋኔ ወፍ ጎጆ ሠራሁባት። እጄ አልበቃ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ጽፌ አላውቅም ነበር። የሚያሳፍረውም ይኸው ነው።

ቲቸር ከረጢቶቹን ሲረከብ የእኔን አነበበና ቆመ። ሁሉንም ሰብስቦ ጮክ ብሎ አነበበው። «ስሙ! ማስታወሻ ማለት ይኼ ነው። የእናንተን እዩት፤ 'ትልቅ ዛፍ፣ መንገድ ዳር'። ትልቅ ዛፍ! ይኼ ሁሉ ተራራ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ብቻ ነው ያለው?» ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ደራሲዋ!» አለችኝ፣ ግማሽ በቅናት፣ ግማሽ በኩራት። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

እማማ ከረጢቱን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ «መብረቅ የመታት እናት» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ስዞር አላየኋትም። ሳልሄድ ታሳዪኛለሽ፣ ልጄ። መብረቅ የቻለች ዛፍ ዘሯ ይፈለጋል።»

ሙቀቴ ባንዴ ጠፋ።

ትናንት ታክሲው ኮተቤን ሲያልፍ አንገቴን አጣምሜ ያን ቁልቁለት ፈለግሁት። ፎቅ ጋርዶታል። የተራራው ጫፍ ብቻ ታየኝ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ደመና ያረፈበት። ልክ እንደዚያ ቀን አፈርኩ። ይኼ ሁሉ ጊዜ አልፎ!

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሌሎቹ ሸራ ሲያጥፉ እማማ «ነይ እስኪ» ብለው ከጣቢያው አጥር ጀርባ ወሰዱኝ። በአንድ መስመር የተደረደሩ የደረቁ ጉቶዎች ነበሩ። ቲቸር ከኋላችን መጣ።

«እነዚህ ያንድ እናት ልጆች ነበሩ» አሉ እማማ። «እናታቸው እንዴት ያለች መሰለሽ! ዘንካታ። ሌላ ምን ያስፈልጋል አልንና ከእሷ ብቻ ለቅመን ዘራን። ሁሉም እኩል አደጉ፣ ሁሉም አማሩ። ከዚያ አንድ ክፉ በጋ መጣ። አንዷ ስትደርቅ ሁሉም ደረቁ። አንዷ ያልቻለችውን እህቷ ከየት አምጥታ ትችለዋለች? ከልዩ ልዩ እናት ቢሆኑ ኖሮ አንዷ ጥም ትችላለች፣ አንዷ ውርጭ፣ አንዷ ተባይ ትንቃለች። የሞተው ቢሞት የሚተርፍ አይጠፋም ነበር።»

ቲቸር «ይኼ የዘረመል ብዝኃነት ይባላል፤ ፈተና ላይ ይመጣል» አለኝ።

እማማ ጉቶዎቹን እያዩ «ፈተናውማ መጥቶ ነበር» አሉ።

«አልን»፣ «ዘራን» ነበር ያሉት። ማን እንደዘራቸው አልጠየቅሁም። ጉቶዎቹን የሚያዩበት ዓይን ነገረኝ።

ዘሩ ሰኞ ጠዋት ሊሰፈር ነው። ከሃያው ጣሳ አምስቱ ያንድ እናት ልጆች ናቸው፤ በወረቀት ላይ ግን አምስት እናት አላቸው። አንድ ቀን ክፉ በጋ ቢመጣ አብረው ይደርቃሉ፣ እማማም ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ የመጨረሻ መደባቸው ሲሞት ይሰማሉ። ይህን የምታውቅ በዓለም ላይ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ዝም ብትል ደግሞ «ደራሲዋ» እንደተባለች ትቀራለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዬን እንዳደረግሁ፣ ሽቅብ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አሳምሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያ ነበረው፣ መደምደሚያ ነበረው። እማማ ጣሳውን በአመድ ሲያጥቡ ደረስኩ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «እማማ፣ መብረቅ የመታት ዛፍ የለችም» ብቻ ሆነ።

«የለችም?»

«የለችም። ምንጯም የለች፣ ጎጆውም የለ። አምስቱም ከአጥሩ ጥግ ካለችው ናቸው።»

ጣሳውን መሬት አስቀመጡት። እጃቸውን በኮታቸው አደረቁ። ከማዶ ባህር ዛፉ ውስጥ ነፋሱ ሲገባና ሲወጣ ይሰማ ነበር።

«ማን አየሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ነገ ሊዘሩት ነዋ!» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

«በይ ዓይንሽን ጥረጊና ከረጢቶቹን አምጪ። ፀሐዩ ሳይበረታ እንውጣ። እኔን ጉልበቴ ያስቸግረኛል፣ አንቺን እርሳስሽ፤ ቀስ ብለን እንደርሳለን።»

መጀመሪያ የሄድነው ወደ አጥሩ ጥግ ነበር። አንዱን ከረጢት አስቀርተው የአራቱን ፍሬ ከዛፏ ሥር አስዘረገፉኝ። «ለወፎቹም አላስቀረሽላቸው። ይቅርታ በያት» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም። «ይቅርታ» አልኳት ለዛፏ። ገና ሳንርቅ ሁለት ዋኔዎች ወረዱ።

ከዚያ ዱቄት የነፋብኝን ጥድ አሳየኋቸው። «እኔ እኮ ፈልጌ ነበር! እነዚህ ግን አያፈሩም።»

እማማ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወንድ ነዋ! ጥድ ወንድና ሴት አለው። ይኼን ዓመት ሙሉ ብትነቀንቂው ዱቄት እንጂ ፍሬ አይሰጥሽም። ቁመና ብቻ! እንደ ሟቹ ባለቤቴ፣ ነፍስ ይማር።» ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ «ግን አትናቂው። የሱ ዱቄት ባይኖር ያቺም አታፈራም ነበር» አሉ። ይህን ቅዳሜ ብጠይቃቸው ኖሮ በአንድ ቃል ይነግሩኝ ነበር። መጠየቅ ግን አላወቅሁም፤ ሰነፍ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ።

እስከ ቀትር ድረስ ሦስት እናቶች አገኘን። አንዷ ከገደል አፋፍ፣ አንዷ ከአሮጌ የድንጋይ ካብ ጀርባ፣ አንዷ ባህር ዛፍ መሐል ታፍና። አራተኛዋ ጠፋች። ያገኘናት ሁሉ ወይ ፍሬዋ ጥሬ ነው፣ ወይ ለሌላዋ ቀርባለች፣ ወይ ወንድ ነው። የእማማ ጉልበት ተንቀጠቀጠ። እኔም ልረዳቸው ብዬ «ከአሥራ አራት ላይ ትንሽ ቀንሰን ብንጨምርስ?» አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። «አሁንም?»

መሬት ብትሰነጠቅ እገባ ነበር።

ካቡ ላይ ተቀምጠን ከኮታቸው ኪስ የዘር መዝገባቸውን አወጡ። ዓይናቸው ደክሟል። «አንቺ ጻፊ» አሉኝ። «ያየሽውን ብቻ።» ጻፍኩ። «አሥራ ሁለት፦ ከገደል አፋፍ። አጭር። ፍሬዋ ጥቂት።» እንዲህ እያልኩ እስከ አሥራ አራት ሄድኩ። በመጨረሻም «አሥራ አምስት፦ አልተገኘችም» አልኩ። አንብቢልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ያቺን የመጨረሻዋን ሁለቴ አስነበቡኝ።

ሰኞ አሥራ ዘጠኝ ጣሳ ተዘራ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቲቸር መዝገቡን አይቶ «ምን ነካሽ? ደረቀብሽ እኮ!» አለኝ። እማማ ቀና ሳይሉ «እኔ ወድጄዋለሁ» አሉት። ለምን አሥራ ዘጠኝ እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። እኔም ለሰው ስናገር ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ የአማርኛ መምህሬ ደብተሬ ላይ «ጥሩ አየሽ» ብላ ስትጽፍልኝ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ እኔ አውቃለሁ። እማማ አሳፍረው ሊያባርሩኝ ሲችሉ እየተንቀጠቀጡ አብረውኝ ተራራ ዞሩ።

ጥር ላይ እማማ ደብረ ብርሃን፣ ልጃቸው ጋ ሄዱ። ፈተና ላይ ስለነበርን አልሸኘኋቸውም። መጋቢት ላይ፣ ዕቃችንን ጠቅልለን ወደ የካ አባዶ ልንገባ ሳምንት ሲቀረን፣ የእናቴን ስልክ ለምኜ ብቻዬን ወደ ጣቢያው ወጣሁ። መደቡ በቅሏል። ቁጢጥ ብዬ ደወልኩ።

«አሎ? ማነው?»

«እማማ፣ እኔ ነኝ። የመብረቋ።»

ሳቃቸውን ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በቀለ?»

«በቅሏል።»

«ይመሳሰላሉ?»

ወዲያው «አይመሳሰሉም!» ማለት አማረኝ። አላልኩም። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። «የመጀመሪያው ጣት ያህል ነው፣ ቀጥ ያለ። ቀጥሎ ያለው የዘሩን ቅርፊት ገና ከራሱ ላይ አላወለቀም። ሦስተኛው ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። አራተኛው አጭር ነው፣ ግን ወፍራም።»

«ተመስገን» አሉ። አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። «ሌላውስ?»

ሌላውን ነገርኳቸው። «ሌላውስ?» አሉኝ። መደቡ ረጅም ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ የስልኩ ባትሪ አለቀ። እኔ ግን ተንበርክኬ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ፣ አንዱንም ሳልዘል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ መንገሬን ቀጠልኩ።