«ኖር» ሲባል ድርቅ የሚል ጨዋታ

ንፋስ መውጫ ላይ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ የተከራየናት ክፍል ነበረችን። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ የምትጮህ አንዲት ባትሪ፤ ንብረታችን ይኸው ነበር። የሥራ ባልደረባዬ የእስቴ ልጅ ነው፣ የመካነ ኢየሱስ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ ሥራም አብረን ያጣን ጓደኛሞች ነን። ሁለታችንም ግትሮች ነን፤ እሱ ግን የራሱን ግትርነት «ትዕግሥት» ብሎ ነው የሚጠራው።

የምንሠራው የስልክ ጨዋታ ነበር፣ የደቦ ጨዋታ። ሰው ከያለበት በኢንተርኔት ይገባል። ዛሬ የአንዱን ገብስ ያጭዳሉ፣ ነገ የሌላውን፤ ጨርሰው ሲወጡ ባለ እርሻው ዳስ ጥሎ ይጠብቃቸዋል። ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፣ የነገውን እርሻ ይመርጣሉ። እኔ ብቻዬን አጭዳለሁ ያለ ሰው ገብሱን ዝናብ ይቀድመዋል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ቀላል መስሎን ነበር የገባንበት።

ለእኔ ግን ከጨዋታም በላይ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ባሕር ዳር ያለችው እኅቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝታልኝ፣ «ጥምቀትን ውለሽ ትመጫለሽ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እኔም «ጨዋታው እስከዚያ ካልተከፈተ እመጣለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ክፉ አስባ አይደለም፣ ለእኔው ብላ ነው። መሄድ ግን አልፈለግሁም። ጠዋት ጠዋት ፊቴን የሚገርፈውን የንፋስ መውጫን ብርድ እየተራገምኩ እወደዋለሁ። አባቴንስ ለማን ትቼ ልሂድ?

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በመሄዴና በመቅረቴ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሱም። «ሂጂ» አላሉ፣ «ቅሪ» አላሉ። ከሥራ ስገባ ብቻ «ጨዋታሽ እንዴት ዋለ?» ይሉኛል።

«አባ፣ ሥራ ነው እኮ!»

«እሺ፣ ጨዋታው ሥራ ነው» ይሉና በጺማቸው ውስጥ ፈገግ ይላሉ። እኔ እበሽቃለሁ፤ እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነበር። ሞካሪዎቻችን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሉ ወዳጆቻችንና የወዳጆቻችን ወዳጆች ነበሩ። የያዙት ስልክ የአገራችን ሰው የሚይዘው ስልክ ነው፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ያበጠ፣ ሆዱ በመዝሙርና በሠርግ ቪዲዮ የሞላ። ጨዋታው በእነዚህ ስልኮች ላይ ካልሠራ ለማን ሠራነው?

አልሠራም። እርሻው ላይ እያነከሰ ሄደ፤ ዳሱ ውስጥ ሲገቡ ድርቅ አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መልእክት ይልኩልን ጀመር። «ስታክ አደረገ።» «ማጭዴ አየር ላይ ቀረ።» አንዱማ «ስልኬ ከመጋሉ የተነሳ ኪሴ ውስጥ ፍም የያዝኩ መሰለኝ» አለ። ከዚያ ቀን በፊት ቅልጥፍና ማለት ኮምፒውተራችን ላይ እንዳየነው ይመስለን ነበር። የኛ ኮምፒውተር ደግሞ ከእነዚያ ስልኮች ጋር ሲተያይ ጌታ ነው።

ባልደረባዬ መጀመሪያ የጠረጠረው ገብሱን ነው። እውነት ለመናገር፣ በገብሱ ላይ ከልክ አልፌ ነበር። እያንዳንዱ ዛላ ለየብቻው በንፋስ እንዲወዛወዝ አድርጌዋለሁ።

«እናንተ ጋይንቶች» አለኝ፣ «ንፋስ ካላያችሁ አገር አይመስላችሁም።»

«እናንተስ? የዚያን አህያ ጆሮ ማን ነው ፀጉር በፀጉር የሠራው?»

ተሳስቀን ሥራ ጀመርን። ራቅ ያለውን ገብስ አንድ ወጥ ሥዕል አደረግነው፤ ቅርብ ያለው ብቻ ይወዛወዛል። አህያውን ላጨነው። የተራራውን ጥላ አቀለልነው። ስልኮቹ ቀዘቀዙ፣ ማጭዶቹም መንቀሳቀስ ጀመሩ። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ለራሴ አዲስ ነጠላ ጫማ ገዛሁ። ዳሱ ግን ያው ነው። ሰው ሲሞላ ድርቅ ይላል።

ስልኮቹን የሚያገናኘው ሰርቨር የሚልክላቸውን መልእክት ቁጭ ብለን ስናየው ነው ጉዱ የወጣው። ችግሩ «ኖር» ነበር።

ዳሱ ውስጥ አንድ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» እያለ ይነሳል፤ ገቢው «በእግዜር!» ይላል፤ ከዚያ ይቀመጣሉ። ይህን ሥሩ ብሎ ያዘዘን የለም። ተነጋግረንም አልወሰንነው። ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ለመሥራት የሁለታችንም እጅ ስላልታዘዘ ብቻ ሠርተነዋል። ታዲያ የእያንዳንዱ ሰው መነሳት ለእያንዳንዱ ስልክ መነገር አለበት። ጥቂት ሰው ሲሆን ምንም አይደለም። ዳሱ ሲሞላ ግን አንድ ሰው በገባ ቁጥር የሁሉም መነሳት ለሁሉም ይላካል፤ ሰርቨሩም ስልኩም ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

በዚህ ላይ ኔትወርኩ አለ። ስማዳ ያሉት ሞካሪዎቻችን ኔትወርካቸው ብልጭ ድርግም ይላል። ተቆርጦ በተመለሰ ቁጥር ጨዋታው ሰውየውን እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጥረዋል። ዳሱ ሁሉ ይነሳል። ገና ሳይቀመጥ ሌላው ተቆርጦ ይመለሳል፤ እንደገና ይነሳል። የስቅለት ስግደት ሆነ በለኛ! ከሞካሪዎቹ አንዷ «እኛ ልናጭድ ነው የገባነው ወይስ ልንሰግድ?» ብላ ጻፈችልን።

«እናጥፋው» አለ ባልደረባዬ።

«ሽማግሌ ሲገባ ተጎልቶ የሚያይ ሰው በእኔ ጨዋታ ውስጥ አይኖርም።»

«ሰዎች አይደሉም፣ ሥዕሎች ናቸው!»

«ይሁኑ። የኛ ሥዕሎች ናቸው።»

ፊቱን አጠቆረብኝ። በማግሥቱ እኔ ሳልገባ አጥፍቶት ጠበቀኝ። ጨዋታው እንደ ውኃ ይፈሳል፤ አንድም ነገር አይደርቅም። ከዚያ እሱ ራሱ ስልኩን አንስቶ ወደ ዳሱ ገባ። ሞካሪዎቻችን ተቀምጠው ይጫወታሉ። ማንም አልተነሳም፣ ቀና ብሎ ያየውም የለም። የባልደረባዬ ሰውዬ ደፍ ላይ ቆሞ ቀረ። አልገባም፣ አልወጣም። ዞር ብዬ ሳየው ጓደኛዬ ጆሮው ቀልቷል።

«የተኳረፈ ቤት መሰለ» አለ ቀስ ብሎ።

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ከወንበር ልወድቅ ነበር። እሱም ኖርን በገዛ እጁ መልሶ አስገባው። ያን ቀን የወደድኩትን ያህል ወድጄው አላውቅም፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም፣ ይኩራራብኛል።

መውደድ ግን ጨዋታ አይከፍትም። የገና በዓልም አለፈ። እኅቴ ደውላ አልጋዬን ማዘጋጀቷን፣ መጋረጃም መግዛቷን ነገረችኝ። ሻንጣዬን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩና ግማሽ ያህሉን ሞላሁት። አባቴ በአጠገቡ ሲያልፉ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። በጣም ከፋኝ።

በዚያው ሰሞን የአባቴ የጽዋ ማኅበር ተራው እኛ ቤት ደረሰ። ጎረቤቶች ተረባርበው ደግሰውልን፣ ሰዉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ ተቀምጧል። እኔ ማሰሮ ይዤ ጠላ እቀዳለሁ፤ ልቤ ግን ሰርቨሩ ጋ ነው። በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ቄስ ከበር ብቅ አሉ። «ኖር! ኖር!» አለ ቤቱ።

እኔ ማሰሮዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳየው የኖርኩትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ቤቱ ሁሉ አልተነሳም! በሩ አጠገብ ያሉት ብድግ አሉ። መሐል ያሉት ከመቀመጫቸው ነቅነቅ ብቻ አሉ። ጥግ ያሉት አንገታቸውን ሰበር አድርገው በአፋቸው ብቻ ኖር አሉ። ቄሱም ቢሆኑ ሁሉም እስኪነሳ አልጠበቁም፤ እጃቸውን ዘርግተው «በእግዜር፣ በእግዜር! አትነሡ» ብለው አስቀመጧቸው። የተቀየመ የለም፣ የተናቀ የለም።

ትንሽ ቆይቶ በቅሎውን ሊያይ ወጥቶ የነበረ አንድ ሰውዬ ተመለሰ። ማንም ንቅንቅ አላለለትም። ቦታው ክፍት ነበረች፤ ሄዶ ሽጉጥ አለባት፣ ጨዋታውንም ካቆመበት ቀጠለ።

«ልጄ፣ ጠላው ፈሰሰ» አሉኝ አንድ እናት። እውነትም የያዙት ጣሳ ሞልቶ ቀሚሳቸው ላይ ይፈሳል። ይቅርታ ጠይቄ፣ ማሰሮውን ለጎረቤታችን አስረክቤ፣ ወደ ጓዳ ሮጬ ለባልደረባዬ ደወልኩ።

«ሁሉም መነሳት የለበትም!» አልኩት።

«ጠላ ጠጥተሻል?»

«ስማኝ! ቅርብ ያለው ይነሳል፣ መሐል ያለው ነቅነቅ ይላል፣ ሩቁ በአፉ ብቻ። ተቆርጦ የተመለሰ ሰው ደግሞ እንግዳ አይደለም፤ በቅሎውን አይቶ የመጣ ሰው ነው። ቦታውን ጠብቀን ዝም ብለን እናስቀምጠው።»

ከዚያ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር።

ገብሱን ቅርብና ሩቅ ብለን ስንለይ ሰዎቹንም እንደዚያው ማየት እንደሚቻል እንዴት ሳይታየን እንደቀረ አሁንም ይገርመኛል። ጨዋነት ማለት ሙሉ በሙሉ መነሳት ብቻ መስሎን ነበር። ሽማግሌ ፊት እየተሽቆጠቆጥን አድገን፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚነሱ ልብ ብለን አላየንም። ከዚያ በኋላ የነበሩት የሥራ ቀናት በሕይወቴ ካየኋቸው ቀናት ሁሉ ይበልጥ ደስ ይሉኛል። ለሩቅ ሰው መነሳት መላክ ቀረ፤ ጥግ ያለው «ኖር» ሲል ለሁሉም በአንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ተመላሹ ሹልክ ብሎ ይቀመጣል።

መክፈቻውን ከጥምቀት በፊት ባለው ዓርብ፣ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ እናድርገው ያለው ባልደረባዬ ነው። የአገሩ ስልክ ሁሉ በገበያ ቀን እዚያ ይሰበሰብና ኔትወርኩን ያንቀዋል። «በዚያ ቀን ከሠራ በየትም ቀን ይሠራል» አለ። ካልሠራስ? ካልሠራ ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል። ሚኒባሱ ውስጥ እስክንደርስ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ እኔ ዝም ማለቴ አስደንግጦት ብስኩት ገዛልኝ።

ገበያው ዳር ባለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። በውጭ አህያው፣ ጆንያው፣ የበግ ጩኸቱ። ጨዋታውን ከፈትነው። ሰው መግባት ጀመረ፣ አጨደ፣ ዳሱም ሞላ። ኔትወርኩ እንደፈራነው ተቆራረጠ፤ የወጣው ተመልሶ ሹልክ እያለ ቦታው ላይ ይቀመጣል። አንዲት ልጅ ቅርጫቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከጎናችን ትጫወታለች፤ ስልኳ መስታወቱ የሸረሪት ድር መስሏል። ወደ ዳሱ ስትገባ አንገቴን ወደ ስልኳ አሰገግኩ። ቅርብ ያሉት ተነሱላት፣ መሐል ያሉት ነቅነቅ አሉ፣ ከጥግ «ኖር!» የሚል ድምፅ መጣ። ልጅቷ ሳታስበው ከወንበሯ ከፍ ብላ ጎንበስ አለች። ስልኳ አልደረቀም። እንባዬ መጣ፤ ባልደረባዬም ሻዩ ውስጥ የገባ ነገር እንዳለ ሁሉ ብርጭቆውን አተኩሮ ያይ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረስኩ። አባቴ ደጅ ተቀምጠዋል።

«ጨዋታሽ እንዴት ዋለ?»

«ሠራ፣ አባ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ አሳዪኝ ብለውኝ አያውቁም። ስልኬን ሰጠኋቸው። ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ በጣታቸው ቀስ እያሉ ወደ ዳሱ ገቡ። ከስልኩ ውስጥ «ኖር!» የሚል ድምፅ ሲመጣ አባቴ አንድ እጃቸውን ዘረጉ። «በእግዜር፣ በእግዜር! አትነሡ ልጆቼ!» አሉ ለስልኩ። ኔትወርኩ ተቆረጠና ተመለሰ። ማንም አልተነሳላቸውም፤ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። «እንዲህ ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚህ መሐል ስልኩ ጠራ። እኅቴ ናት። ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ አልሰጡኝም፤ እሳቸው አነሱት። እኅቴ ስለ መጋረጃው፣ ስለ አልጋው፣ ሰኞ መጀመር እንዳለብኝ ስታወራ ከአጠገባቸው ይሰማኛል። አባቴ ሰምተው ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ብዙ ደክመሻል» አሏት። «እኅትሽን ግን አትጠብቂያት። ሥራ ላይ ናት።»

ዘግተው ስልኩን ወደ ዓይናቸው መለሱና ገብሱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ።