ታንኳ እንደ በቅሎ አትታሰርም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ጠዋት ታንኳ ገደልኩ።

ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ጫጫታ ሸሽቼ ዝዋይ ሐይቅ መሃል ደሴት ላይ ከከተምኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ባለቤቴ «አይቼው ካልወደድኩት በመጣሁበት እመለሳለሁ» ብላ ዛሬ ከማዶ በታንኳ እንዳሻግራት ቀጥራኛለች።

እኔም ትናንት ከጎረቤቴ ከአያ ጉደታ ከደንገል ሣር የተሠራ ታንኳ ተዋስኩና ዳር ላይ ውሃው ውስጥ እንዳለች አጥብቄ አሰርኳት። አዳማ በቅሎ እንዲህ ነው የሚታሰረው።

ዛሬ ስመጣ ገመዱ አለ። ታንኳዋ ግን ውሃ ስትጠጣ አድራ አፍንጫዋ ብቻ ቀርቷል።

«አንተ የአዳማ ሰው! ደንገል ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ ውሃ ውስጥ ያድራል?» አሉኝ አያ ጉደታ እየሳቁ።

«እንዳትጠፋ ብዬ ነው።»

«አልጠፋችም፤ ያቻትና።»

«መቼ ትደርቃለች?»

«ፀሐይ ከታረቀችህ፣ በሦስት ቀን።»

ሌሎቹ ታንኳዎች መቂ ገበያ ሄደዋል። ማዶ ጭስ ተነሣ፤ እዚህ መሻገር የሚፈልግ ሰው ታንኳ የሚጠራው እሳት አንድዶ ነው። እሷ ናት። ክንዴ እስኪዝል ጋቢዬን አውለበለብኩ።

«ከዚያ ሆና አንተን አታይህም፣ ልጄ» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቁ።

እናንተም ከከተማ ወጥታችሁ በከተማ ብልሃት ያጠፋችሁት ነገር ካለ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን ሞኝ አልሁን። ቶሎ በሉ ግን፣ ጭሱ እየሳሳ ነው።